የኮሎኔል ሞት

“በዚህ በኩል ይሻላል፣ አባዬ” አለችና ጊሌን የአባቷን ክንድ ይዛ ከከተማው ግንብ፣ ከሴን-ሉዊ በር ፊት ለፊት ወደ ኋላ መለሰችው።

ኦሬል ቬዬ መንገዱን ሊሻገር አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ከጧት ጀምሮ ወደዚህ በር በተጠጉ ቁጥር ልጁ እንዲህ ታደርገዋለች። መጀመሪያ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል አለች። ቀጥላ መንገዱ ተቆፍሯል አለች፤ እሱ ግን አንድም የተቆፈረ ነገር አላየም። አሁንማ ምክንያት መስጠቱንም ትታ በደፈናው “ይሻላል” ትላለች።

“ምኑ ነው የሚሻለው?”

“ግንቡ ላይ እንውጣ። ከላይ ሆነህ ከተማውን ታየዋለህ።”

“ቅድም ወጥተን አልነበር እንዴ?”

“ቅድም በሌላ በኩል ነው የወጣነው።”

ኦሬል ተከትሏት ወጣ። ቅድም የወጡት በየት በኩል እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም፤ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ደግሞ ዛሬ አፉን ሞልቶ መናገር አልፈለገም። ነገ ጧት እዚሁ ኬቤክ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የሽማግሌዎችን የማስታወስ ችሎታ የምትመረምር ሐኪም ታየዋለች። ሐኪሟ የምትወስነው ነገር አንድ ነው፤ ኦሬል ቦስ ገጠር ባለው ቤቱ ብቻውን መኖር ይችላል ወይስ አይችልም? አይችልም ካለች ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የተሠራው የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት የሚበላበት፣ በሩ ከውጭ እንጂ ከውስጥ የማይከፈት፣ ሬሳ ያልሆነ ሰው ሁሉ ማታ ማታ ቢንጎ የሚባል የቁጥር ጨዋታ እንዲጫወት የሚገደድበት ቤት ነው። ኦሬል እዚያ ከመግባት ጎተራው ውስጥ ማደር ይመርጣል።

“ቀጠሮው ማለዳ ስለሆነ አንድ ቀን ቀድመን እንሂድ፤ ሆቴል አድረን እንደ ቱሪስት እንዝናና” ያለችው ጊሌን ናት። የቦስ ሰው ኬቤክ የሚመጣው ለሐኪም፣ ለፍርድ ቤት ወይም ለትራክተር ዕቃ ነው፤ ለሽርሽር መጣ ሲባል ኦሬል በዕድሜው አልሰማም። ሆቴሉ ውስጥ ትራሱ ላይ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት አግኝቶ ነበር። ቸኮሌቱን በላውና “ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” አለ በልቡ።

ከግንቡ ላይ ነፋሱ ይጋረፋል። በታች በኩል የቅጠሉ ቀለም የተለወጠ ዛፍ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ሰፊው ወንዝ፣ ወንዙ ላይ ደግሞ ፎቅ ቤት የሚያህል የቱሪስት መርከብ ይታያል። ኦሬል ግን ዕይታውን ትቶ ጥናቱን ያጠናል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው። ሐኪሟ ሌላም ነገር ብትጠይቀው ብሎ የግንቡን በሮች ጨምሮ መያዝ ጀምሯል፤ ሴን-ሉዊ፣ ኬንት፣ ሴን-ዣን። ችግሩ ከተማው ራሱ ለጥናት አይመችም። ግንቡ ቀጥ ያለ መስሎ ይታጠፋል፤ በአንዱ በር ወጥተህ በሌላው ስትገባ መንገዱ ያው ቅድም የነበርክበት ይሆናል፤ አንዱ የድንጋይ ቤት ሌላውን የድንጋይ ቤት ይመስላል። የጠላት ጦር እንዲጠፋበት የሠሩት ከተማ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ የገዛ አገሩን ሰው ያሳስታል።

“መካከለኛው በር ማን ነበር?” አለ፣ የሚፈትናት ለመምሰል።

“ኬንት።”

“ጎበዝ።”

“አንተ ረስተኸው ነው አይደል?”

“እኔማ አንቺን እየፈተንኩሽ ነው” አለ፤ ጊሌን ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ዓይኗ ከግንቡ በታች፣ በሴን-ሉዊ በር ውስጥ በኩል ባለው ሜዳ ዳር ወዳለ አንድ ነገር ሄዶ ተመለሰ። ኦሬል ወዴት እንዳየች ሊያይ ሲዞር ኮፍያውን አስተካክላ ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰችለት። ያ ቦታ ምን ቢኖርበት ነው? ምናልባት እዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ የአረጋውያን መኖሪያ አይታለት ይሆን?

ምሳ የበሉት ከግንቡ ብዙም በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ አሮጌ ቤት ነው። አስተናጋጁ ጢሙን የተንከባከበ ወጣት ነበር፤ መጥቶ ምናሌውን ኦሬል ፊት ዘረጋና በእንግሊዝኛ አጣደፈው። ኦሬል አፉን ከፍቶ ልጁን አየ፤ ከዚያ ጊሌንን አየ። ቃላት ከጭንቅላቱ መጥፋት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ቋንቋው በሙሉ በአንድ ጊዜ ጥሎት የሄደ መስሎት ለቅጽበት ላብ አጠመቀው።

“ምንድን ነው የሚለኝ?”

“እንግሊዝኛ ነው አባዬ፣ አይዞህ። ኮፍያህ ነው ጉድ የሠራህ።”

ጧት የገዛችለት ቀይ ኮፍያ ላይ በትልቁ “ኬቤክ” ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ኮፍያ የኬቤክ ሰው አያደርግም።

“ይቅርታ ሙሴ፣ ከመርከቡ የወረዱ መስለውኝ ነው” አለ አስተናጋጁ ወደ ፈረንሳይኛው ተመልሶ።

“ከምን መርከብ? እኔ ከቦስ ነው የመጣሁት!”

“ኧረ! ባተ ጥቁር ነዎት በሉኛ!”

ድሮ የቦስ ገበሬ ለገበያ ሲመጣ ረግረጉን አቋርጦ እስከ ባቱ ጭቃ ለብሶ ከተማ ይገባ ነበርና፣ የኬቤክ ሰዎች እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይተርቡታል። ኦሬል ሳቀ፤ ተረቡ እንደ ዘመድ ሰላምታ ሆኖለት ላቡ ደረቀ።

“ዛሬ እንኳ ታጥቤ ነው የመጣሁት፤ ሾርባ ካለህ አምጣ።”

የአሳማ ሥጋ የገባበትን የአተር ሾርባም፣ በሊጥ የተሸፈነውን የስጋ ፓይም ጨርሶ በላ። መጨረሻ ላይ የመጣውን ኬክ በማንኪያ ነካ አደረገና ላዩ ላይ የፈሰሰውን፣ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳው ጣፋጭ ውሃ ተፈልቶ የሚሠራውን የሜፕል ሽሮፕ አጣጣመ። ፊቱን አጨማደደ።

“የሚያዝያ መጨረሻ ውሃ ነው። ዛፉ እምቡጥ ሊያወጣ ሲል የተቀዳ። ይህን ለሰው ያቀርባሉ?”

“ለቱሪስት ነው የሚያቀርቡት።”

“ኮሎኔል ቢኖርልኝ ዘንድሮ ጥቂት ባልዲ እሰቅል ነበር። ለራሳችን የሚሆን ብቻ።”

ጊሌን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ኮሎኔል ፈረስ ነው፤ ዳማ፣ ግንባሩ ቦራ፣ በር ላይ ሲቆም በሩን የሚሞላ። ሌሎች የመንደሩ ሰዎች የሜፕሉን ውሃ በፕላስቲክ ቱቦ መሳብ ሲጀምሩ ኦሬል ዛፉ ላይ በሚሰቀል ባልዲና በኮሎኔል ቀጠለ። በረዶው ገና ሳይቀልጥ በርሜል የተጫነበትን መጎተቻ እየሳበ ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል፤ ልጓም የሚይዝ ሰው አያስፈልገውም። የባልዲ ክዳን ሲንኳኳ ከሰማ ይቆማል። ውሃው በርሜሉ ውስጥ እስኪገለበጥ ይጠብቃል። “እሺ ልጄ” ሲባል ወደሚቀጥለው ዛፍ ይሄዳል። ሎሬት፣ የኦሬል ሚስት፣ ከሞተች በኋላ ኦሬል በቀን ውስጥ የሚያወራው ከሱ ጋር ብቻ ነበር።

“በምን ነበር የሞተው?” አለ ኦሬል።

“ሆዱ ተነፍቶ ነዋ። አንተ ዳሌህን ተሰብረህ ሆስፒታል በተኛህበት ክረምት።”

“እግሩን ነው ያልሽኝ ይመስለኝ ነበር።”

የጊሌን ፊት ቀላ። “ሆዱን ነው አባዬ” አለች ወደ መስኮቱ እያየች።

ኦሬል ልጁ በእሱ መርሳት ያፈረች መሰለው። ደግሞም ነገ ለሐኪሟ ትነግርብኛለች ብሎ ሰጋና ወሬውን ወደ ሾርባው መለሰው። ሾርባው ጥሩ ነበር፤ አሳማው ትንሽ ጨው በዝቶበታል።

ሒሳብ ከፍለው ሊነሱ ሲሉ የጊሌን ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታሉ ነበር፤ ስለ ነገው ቀጠሮ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ጫጫታ ስለነበር ወደ ኋላኛው ክፍል ሄደች፤ ከመሄዷ በፊት ኦሬልን ከበሩ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

“ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ፣ እሺ?”

“ወዴት እሄዳለሁ? ዙሪያውን በግንብ ታጥሬ!”

አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወንዙ ወዴት በኩል እንደሆነ በአእምሮው ሲፈልግ የፈረስ ኮቴ ሰማ። የፈረስ ኮቴ እዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም፤ ቱሪስት የሚያንሸራሽሩ ጋሪዎች ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ። ኦሬል ቀና ያለው ለኮቴው ምት ነው። ዘገም ያለ፣ የኋላ ቀኙን ትንሽ የሚጎትት፣ ጆሮው የሚያውቀው ምት ነበር። ጋሪው ቀይ ጎማ ነበረው፤ ብርድ ልብስ ያለበሷቸው አራት ቱሪስቶች ተቀምጠውበታል፤ ከፊት ክብ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገች ሴት ትነዳለች። ፈረሱ ዳማ ነው። ግንባሩ ቦራ ነው።

በዚያው ጊዜ ከጎን ካለው ወጥ ቤት የወጣ ሰው ቆሻሻ ደፍቶ የብረት ክዳኑን ጓ አድርጎ ዘጋው። ፈረሱ መንገዱ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሴትዮዋ አልመታችውም፤ ልጓሙንም አልሳበችም። ትንሽ ጠበቀችና “እሺ ልጄ” አለችው። ፈረሱ መንገዱን ቀጠለ።

ኦሬል ከአግዳሚው መቼ እንደተነሳ አላወቀም፤ ከጋሪው ኋላ እየሄደ ነበር።

የሞተ ፈረስ ቱሪስት አይጎትትም። ይህን ያህልማ ያውቃል። ታዲያ ይህ ማን ነው? መንታ ነበረው እንዴ? ወይስ በሽታው እንዲህ ያደርጋል፤ የሞተውን አስነስቶ በከተማ ያስኬዳል? መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ታጠፈ፤ ጋሪው ከፊቱ ተሰወረ። ሮጥ ለማለት ሞከረና ዳሌው ከለከለው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ አገኘው። ገጠር ቢሆን ፋንድያውን ተከትሎ ያገኘው ነበር፤ የከተማ ፈረስ ግን ከኋላው ከረጢት ታስሮለታል፤ አንዲት ምልክት አይጥልም።

ግራውን ያዘ። ባንዲራ የሚሸጥ ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መድፍ፣ እንደገና ባንዲራ የሚሸጥ ሱቅ። ይህ የቅድሙ ነው ወይስ ሌላ? የግንቡን በሮች ለራሱ ሊቆጥር ሞከረ፤ ሴን-ሉዊ፣ ሴን-ዣን፣ ከዚያ አንድ የእንግሊዝ ስም ያለው። እጁን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አስደግፎ ቆመ። ወደ አግዳሚው መመለስ ነው የሚሻለው፤ ተመልሶ ተቀምጦ፣ ጊሌን ስትመጣ “ይኸው አልተንቀሳቀስኩም” ማለት። የሞተ ፈረስ አየሁ ብሎ ከተናገረማ ነገ ሐኪሟ ለፈተና ወረቀት ላይ የግድግዳ ሰዓት እንኳ አታስለውም፤ ቀጥታ ወደ ቢንጎው ነው። ችግሩ አግዳሚው በየት በኩል እንዳለ አያውቅም። የቀረው ወደፊት መሄድ ብቻ ሆነ፤ ሄደ፤ ከሁለት ሕንፃ መካከል ሲወጣ ሰፊ ሜዳ፣ ከሜዳው ዳር ግንቡ፣ ግንቡ ላይ ሴን-ሉዊ በር።

ልጁ ከጧት ጀምሮ ስታሸሸው የዋለችው ቦታ ነበር። ከሜዳው ዳር ጋሪዎች ተሰልፈዋል። ቀይ ጎማ ያለው ከመጨረሻ ቆሟል፤ ቱሪስቶቹ ወርደዋል፤ ፈረሱ ከባልዲ ውሃ ይጠጣል።

ኦሬል ቀስ እያለ ቀረበ። የግንባሩ ነጭ ወደ ግራ አፍንጫው ዘንበል ብሎ ይወርዳል። ደረቱ ላይ አንገቱ ላይ የሚጠለቀው የድሮው ማነቂያ የላጠው፣ ፀጉር ተመልሶ ያልበቀለበት ቦታ አለ። ኦሬል ጠራውም አልጠራውም ለማለት በሚያስቸግር ድምፅ “ኮሎኔል” አለ። ፈረሱ አፉ ውሃ እንደሞላ ቀና አለና ረጅሙን ራሱን በኦሬል ብብት ስር ወሽቆ ካፖርቱን አረጠበለት። ጋጣ ውስጥ ሁልጊዜ ጧት ጧት የሚያደርገው ነበር።

“ሙሴ ቬዬ!” አለች ባለጋሪዋ ከጋሪው ጀርባ ብቅ ብላ። “እንኳን ደህና መጡ! ዛሬ ደግሞ ብቻዎን?”

“ዛሬ ደግሞ” የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ወጋችው። ይህችን ሴት በሕይወቱ አይቷት አያውቅም። ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ እጇ እንደ ወንድ የጠነከረ ናት። ማን ነሽ ሊላት አፉን ከፈተና ዘጋው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

“አዎ፣ ብቻዬን ነኝ” አላት።

“ከፋሲካ ወዲህ ጠፉብን እኮ። ልጅዎ ‘ጆአኒ፣ አንድ ነገር ከሆነ ደውይልኝ’ ብላኝ ስለነበር ልደውልላት ነበር፤ በበጋው ኮቴውን አሞት ነበር።”

“የትኛውን?”

“የፊት ግራውን። አሁን ደህና ነው፤ ይዩት።”

ኦሬል ጎንበስ ብሎ እግሩን ነካ ሲያደርገው ፈረሱ ራሱ አነሳለት። ኮቴው ንጹሕ ነው፤ ጫማውም በደንብ ተመትቷል። እጁ ሥራውን ሲሠራ ጭንቅላቱ ይራወጥ ነበር። ፋሲካ? ፋሲካ መቼ መጣሁ? ጋሪው ላይ ስሙ በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ “ኮሎኔል” ይላል። እንግዲህ ሌላ ሰውም ያነበዋል ማለት ነው፤ ሕልም አይደለም።

“እንዴት ነው፣ ለመደልሽ?” አለ፣ ወሬ ለማውጣት።

“እኔ ነኝ እንጂ እሱን የለመድኩት! ያሉኝን አልረሳሁም። ‘ቆርቆሮ ሲንኳኳ ከቆመ እንዳትመቺው፤ ባልዲው እስኪገለበጥ እየጠበቀሽ ነው’ ብለውኝ የለ? እነዚህ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ‘ያንቺ ፈረስ ቤት ለቤት ምጽዋት ይሰበስባል’ ይሉኛል። ቱሪስቶቹ ደግሞ ለፎቶ የቆመላቸው እየመሰላቸው ደስ ይላቸዋል።”

“እንዲያ ብዬሻለሁ?”

“ጋጣው በር ላይ ቆመው ነዋ! እያለቀሱ እኮ ነበር፣ ሙሴ ቬዬ። ያ የሥጋ ነጋዴ የተሻለ ሰጥቶዎት ነበር አይደል? ‘ሥጋ ቤት ከሚሄድ ላንቺ በርካሽ ይሂድ፤ ሥራ ካላጣ አይሞትም’ ብለው ነው የሸጡልኝ።”

ኦሬል የፈረሱን እግር ቀስ ብሎ አስቀመጠና ተቃና። ማነቂያውን ያዘ። የሸጥኩት እኔ ነኝ። የጋጣውን በር በአእምሮው ፈለገው፤ በሩ አለ፤ መቀርቀሪያውም አለ። ይህችን ባለ ጠቃጠቆ ሴት በሩ አጠገብ ሊያቆማት ሞከረ፤ አልቆም አለችው። ልቅሶውንም ፈለገው። ያንን ያህል ያለቀሰ ሰው አንድ ነገር ይቀርለታል ብሎ አሰበ። እንደ ተጠረገ ጎተራ ባዶ ነበር።

“አባዬ!”

ጊሌን በሜዳው ላይ እየሮጠች ትመጣለች። ፀጉሯ ተበትኗል፤ የሱን ቀይ ኮፍያ ከየት እንዳነሳችው እንጃ በእጇ ይዛለች። “ከዚያ እንዳትንቀሳቀስ አላልኩህም? ፖሊስ ልጠራ ነበር እኮ! መንገዱን ሁሉ፣ በሩን ሁሉ…” ፈረሱን አየችና ቆመች። ጆአኒ አንዴ አባትን አንዴ ልጅን አየች። የተበላሸ ነገር እንዳለ ሳይገባት አልቀረም፤ ባልዲውን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

“ሞቷል አልሽኝ” አለ ኦሬል።

ጊሌን ኮፍያውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

“ሆዱ ተነፍቶ። እግሩ ተሰብሮ። የቱ ነበር? እኔ ሞኙ ነኝ የረሳሁት ብዬ እዚያ ሾርባ ላይ አፍሬ ተቀመጥኩ! ጧት ፀሐዩ፣ ቁፋሮው… እኔን እንደ ሕፃን ዓይኔን ስትሸፍኚኝ ዋልሽ!”

“ነግሬህ ነበር” አለች ጊሌን። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። “እንደሸጥከው ነግሬሃለሁ አባዬ። መጀመሪያ ስትጠይቀኝ ነገርኩህ፤ አለቀስክ። በሳምንቱ ስትጠይቀኝ ነገርኩህ፤ ሰምተኸው እንደማታውቅ ሆነህ እንደ አዲስ አለቀስክ። ገና ለት ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ‘ፈረሴን ሰርቃ የሸጠችው ልጄ ናት’ አልከኝ። እዚህም አምጥቼ አሳየሁህ፤ አቅፈኸው፣ ከጆአኒ ጋር ተሳስቀህ፣ ደስ ብሎህ ተመለስን። የወንዙን ድልድይ ሳንሻገር መኪና ውስጥ ‘ኮሎኔልን ማን ያበላው ይሆን ዛሬ?’ አልከኝ።”

ኦሬል ሊያስቆማት እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው።

“አንድ ቀን ደከመኝ። ሞተ አልኩህ። አንድ ጊዜ አለቀስክና አበቃ። ያንን ግን አልረሳኸውም። እውነቱን ባንተ ላይ ማሳደር አቃተኝ፤ ውሸቱ ግን ባንዴ አደረ።” አፍንጫዋን በኮፍያው ጠረገች። “ነገ ቀጠሮው እዚህ ባይሆን ኖሮ አላመጣህም ነበር።”

ኦሬል በማን መናደድ እንዳለበት ጠፋው። በልጁ ተናድዷል። በራሱ አፍሯል። ከሁለቱም በላይ ግን፣ እንዲህ መሆኑ እያስገረመው፣ ደስ ብሎታል፤ ፈረሱ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ አንገቱን ያሞቀዋል። ሦስቱ ስሜቶች ተራ አልይዝ ብለው ተጋፉበት። ገና ለት በሰው ፊት ሌባ ብያታለሁ። ይህንንም አያስታውሰውም፤ ግን የጊሌንን ፊት አይቶ አመነው።

“ስማኝ” አለች ጊሌን ጠጋ ብላ፣ ጆአኒ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ነገ ለሐኪሟ ይህንን አንነግራትም። ዛሬ መጥፋትህንም አልናገርም። ቀኑን ታውቃለህ፣ ሰዓት መሳል ትችላለህ፤ ታልፋለህ። ቤትህ ትኖራለህ። እኔ ቅዳሜና እሁድ እየመጣሁ አይሃለሁ።”

ከጧት ጀምሮ ሲመኘው የዋለው ነገር ይኸው በእጁ ገባለት። የወጥ ቤቱ መስኮት፣ ከመስኮቱ ባሻገር የሜፕሉ ደን፣ ሎሬት የሞተችበት አልጋ፤ ሁሉም የሱ ሆነው ይቀራሉ። “እሺ” የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ከዚያ እዚያ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ራሱን አየው። ምን ሸጦ፣ ማንን ሌባ ብሎ፣ ምድጃው ላይ ምን ጥዶ ይሆን የሚቀመጠው? የሚነግረው ሰው ከሌለ በምን ያውቀዋል?

“ትነግሪያታለሽ” አለ።

“አባዬ…”

“እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ነገ ከረሳሁት ግን አንቺ ንገሪያት። ፈረሴን ሸጬ እንደረሳሁ። ዛሬ እንደጠፋሁ። ሌላ የምትደብቂልኝ ነገር ካለ እሱንም።”

“ቤቱን ትለቃለህ እኮ። ገብቶሃል?”

“አዎ። እስከ ነገ እንኳ ይገባኛል።” ወደ ፈረሱ ዞረ። “ሌላም ነገር አለ። ስለ ኮሎኔል ስጠይቅሽ ሞተ እንዳትዪኝ።”

“ታለቅሳለህ።”

“ላልቅሳ! የማለቅሰው እኔ አይደለሁ?”

“ሌባ ትለኛለህ።”

ኦሬል የፈረሱን ጋማ በጣቱ ሲያፍታታ ቆየ።

“ሌባ ካልኩሽ መልሰሽ ስደቢኝ። አባቴ ነው ብለሽ አትለፊኝ። ሞተ ግን አትበዪኝ፣ ጊሌን። በሕይወት ያለውን አትግደዪብኝ።”

ከግንቡ ላይ ቱሪስቶች ወደ ታች እያዩ ፎቶ ያነሳሉ፤ ሽማግሌውና ፈረሱ ለሥዕል ያምራሉ። ጆአኒ ባልዲውን ሞልታ ተመለሰችና ከጋሪው ማዶ ቆማ ጠበቀች።

“ኮሎኔል የት ነው?” አለ ኦሬል ድንገት፣ ፊቱን ሳያዞር።

ጊሌን ደነገጠች። የእውነት ነው የሚጠይቀው ወይስ እየፈተናት? ከጀርባው ማወቅ አልቻለችም። ምናልባት እሱም አያውቅ ይሆናል።

“ሸጥከው፣ አባዬ።”

“ማን?”

“አንተ” አለች።

ኦሬል ግንባሩን ፈረሱ አንገት ላይ አሳረፈና ትከሻው እየተርገፈገፈ አለቀሰ። ጊሌን እጇን ጀርባው ላይ አደረገች፤ የነገረችውን እውነት ግን መልሳ በውሸት አልለወጠችውም።